ዥዋዥዌው የማን ነው?

ነገሩ የሆነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በምኖርበት የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ካለችው የልጆች መጫወቻ ጩኸት ሰማን። ሮጠን ስንደርስ የዥዋዥዌው ሰንሰለት ከላይ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፤ የጎረቤቴ የስምንት ዓመት ልጅ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ እጁን ይዞ ያለቅሳል። ሰንሰለቱን የያዘው መንጠቆ ለዓመታት ሲበላ፣ ሲሳሳ ኖሮ በመጨረሻ ለቀቀ። ልጁ በእጅ ስብራት ብቻ ተረፈ። ሁላችንም "እግዜር ነው ያተረፈው" አልን። እውነት ነው። ይሁን እንጂ የመንጠቆውን መሳሳት ከእኛ መካከል ያላየ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ስንት ብር እናዋጣ?" የሚል ነበር። በመዋጮ የሚታማ አበሻ የለም፤ ዕድሩም፣ ሠርጉም፣ ለቅሶውም አሠልጥኖናል። እኔ ግን የሙያ ልማድ ሆኖብኝ "ለመሆኑ መጫወቻው የማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። የሳቀም ነበር። አንድ ወጣት ጎረቤቴ "የልጆቹ ነዋ ጋሼ!" አለኝ። መልሱ ደስ ይላል። ችግሩ፣ የልጆች የተባለ ነገር የሚከራከርለት አዋቂ ካላገኘ ዕድሜ የለውም።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ አዋጥተን ነበር። ብረቱን ቀለም ቀባን፣ አዲስ ሸርተቴ አሠራን፣ ፎቶ ተነሣን፣ አጨብጭበን ተለያየን። የላላውን ብሎን ማን እንደሚያጠብቅ፣ ቦታው ለሌላ ነገር ቢፈለግ ማን "አይሆንም" እንደሚል አልተነጋገርንም። በዓመቱ ከአንዱ ጥግ አንድ መኪና ቆመ። ማንም ምንም አላለም። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው ተከተለ። ሦስተኛው የእኔ መኪና ነበር። ሕግ ተምሬአለሁ የምለው ሰውዬ፣ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱበትን መስመር በጎማ እየረገጥሁ እወጣና እገባ ነበር።

ስለዚህ ከመዋጮው በፊት የባለቤትነቱን ጉዳይ እናጥራ። በከተማችን የምናውቃቸው የሰፈር መጫወቻዎች በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት ይዞታ በአንዱ ላይ ናቸው።

አንደኛው እንደኛው በጋራ ሕንፃ ግቢ ውስጥ ያለው ነው። ስለ ጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ቤት የገዛ ሰው የገዛው ግድግዳና በር ብቻ እንዳልሆነ ይነግረናል። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ በግቢው ውስጥ ያለው የጋራ መጠቀሚያ ሁሉ የቤት ባለቤቶቹ ያልተከፋፈለ ሀብት ነው። ማንም ተነሥቶ "የእኔ ድርሻ ይህች ጥግ ናት" ብሎ ሊያጥራት አይችልም። ይህን የጋራ ሀብት ማስተዳደርና መጠገን ደግሞ የባለቤቶቹ ማኅበር ሥራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የማኅበሩን መዝገብና ፕላን ማውጣትና መጫወቻው በጋራ መጠቀሚያነት ውስጥ መካተቱን ማየት ነው። እኛ ፕላኑን ስናወጣ መኪኖቻችን የቆሙበት ጥግ ሁሉ በመጫወቻው ክልል ውስጥ ሆኖ አገኘነው።

ሁለተኛው በነባር ሰፈሮች መካከል በመንግሥት ይዞታ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1445 በቀጥታ ለሕዝብ መገልገያ የተተወን የመንግሥት ሀብት ከሌላው የመንግሥት ሀብት ይለየዋል። እንዲህ ያለው ሀብት ከሕዝብ አገልግሎት መውጣቱ በአግባቡ እስካልተወሰነ ድረስ ለሌላ አይተላለፍም፤ "ለረጅም ጊዜ ይዤው ኖሬአለሁ" በማለትም ባለቤት አይኮንበትም። በዚህ ዓይነት ቦታ ላይ የሰፈሩ ሰው ብረት ከመትከሉ በፊት ከወረዳው ጋር የጽሑፍ ስምምነት ቢይዝ ይበጀዋል። በቃል የተገኘ ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

ከባለቤትነት ጋር ኃላፊነት ይመጣል። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ አለበት። የሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ ጥፋት ማድረግ የሚገባንን ባለማድረግም እንደሚፈጸም ይናገራል። መንጠቆው መሳሳቱን እያወቀ ዝም ያለ ኮሚቴ ፍርድ ቤት ቢቆም "እግዜር ነው ያተረፈው" የሚለው መከላከያ አያድነውም። የልጁ አባት ጎረቤት ነውና አልከሰሰንም። አለመከሰሳችን ግን ከጥፋት ነጻ አያደርገንም።

"የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ ባስጨነቀን ዘመን ስለ ዥዋዥዌ ታወራለህ ወይ?" የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ጨዋታ ግን በሕግ የታወቀ መብት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ሕፃናት የማረፍና የመጫወት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 አጽድቃለች፤ የፀደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆኑም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ተናግሯል። የዚያው ስምምነት አንቀጽ 12 ሌላ ነገር ይጨምራል፤ ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸው ሊሰማ ይገባል ይላል።

እዚህ ላይ "የኅብረተሰብ ተሳትፎ" ወደምንለው ነገር እንመጣለን። በእኛ አነጋገር ተሳትፎ ማለት ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማዋጣት ነው። ውሳኔው አልቆ ይመጣል፤ ነዋሪው ደረሰኝ ይቆርጣል። የወሰነበትን ያህል ግን ያዋጣበትን አይጠብቅም። በአምስተርዳም ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በነበሩት ሦስት ዐሥርት ዓመታት አርክቴክቱ አልዶ ቫን ኤይክ ከ700 በላይ የሰፈር መጫወቻዎችን ነድፏል። ብዙዎቹ የተሠሩት በጦርነቱ ዘመን ባዶ በቀሩና ባልተገነቡ ትንንሽ ቦታዎች ላይ ነው። የሚገርመው አሠራሩ ነው፤ የሰፈሩ ሰዎች "ከቤታችን አጠገብ እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ አለ" እያሉ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ጥያቄው የሚነሣው ከነዋሪው ነበር፤ ቦታውን የሚጠቁመውም እሱ ነበር።

እኛም በትንሿ ግቢያችን ይህንኑ ሞከርን። አንድ እሑድ ጠዋት ልጆቹን ሰበሰብናቸው። መጀመሪያ የተናገሩት ትልልቆቹ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ "ኳስ ሜዳ!" አሉ። ሴቶቹን ለብቻ ስንጠይቅ አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ "ጋሼ፣ እነሱ ኳስ ሲጀምሩ እኛ የት እንሂድ?" አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ቦታውን በሁለት ከፍለን ለገመድ ዝላይ፣ ለሱዚና ለሰኞ ማክሰኞ የሚሆን ክፍል ኳስ ከማይደርስበት ወገን አደረግን። አንዲት አዛውንት እናት "የእኔ ልጅ፣ ለእኔ ጥላና መቀመጫ ብቻ ስጡኝ፤ ልጆቹን እኔ አያለሁ" አሉ። መቀመጫው የተሠራው በእሳቸው ምክር ነው። የግቢው ጥበቃ ደግሞ ክረምት ክረምት ውኃ ከዥዋዥዌው እግር ሥር እንደሚተኛና ብረቱን የሚበላው እሱ እንደሆነ አሳየን። መሐንዲስ የሆነው ጎረቤታችን ይህን ሰምቶ መጀመሪያ ቦይ አስቆፈረ።

ስለ አሠራሩ ከተማርነው ጥቂቱን ላካፍላችሁ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ለመጫወቻ ቦታዎች ያወጣው መመሪያ ሲሚንቶና አስፋልት ከመጫወቻ ዕቃ ሥር መሆን እንደሌለባቸው ያሳስባል። ተጠቅጥቆ 23 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አሸዋ ከ1 ሜትር ከ20 ለሚወድቅ ልጅ ይበቃል። ዥዋዥዌ በአንድ ማዕቀፍ ከሁለት መቀመጫ በላይ አይሰቀልበትም፤ መሐል ያለው ልጅ ይጋጫልና። በብረት ዘንጎች መካከል ከ9 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት ደግሞ የሕፃን ጭንቅላት ሊይዝ ይችላል። የብረት ሸርተቴ ያለ ጥላ ከተተከለ በፀሐይ ግሎ ያቃጥላል። እኛ ከሁሉ በፊት ያደረግነው ሲሚንቶውን ሰብሮ አሸዋ መሙላት ነበር። አሸዋው ግን በየሳምንቱ መገልበጥና ከስባሪ ጠርሙስ መጽዳት አለበት። ይህን ማን ይሠራል? ተራ ወጣ።

ከባዱ ስብሰባ የመኪናው ነበር። አንድ ጎረቤቴ "መኪናዬን ውጭ ባሳድራት ስፖኪዮዋን ያነሱታል፤ ማን ይተካልኛል?" አለ። ቅሬታው እውነት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በመጨረሻ ባለመኪኖቹ ለሌሊት ጥበቃ ተጨማሪ እንድንከፍልና መኪኖቹ ከአጥሩ ውጭ እንዲያድሩ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ሁሉም አልተደሰተም። እስካሁን በግማሽ ልብ ሰላም የሚሉኝ አሉ።

ሌላም ያላሰብነው ነገር ገጠመን። በመጫወቻው የሚጫወቱት ብዙዎቹ የተከራይ ልጆች ናቸው። የማኅበሩ አባልና ድምፅ ሰጪ ግን ባለቤቱ ነው፤ አንዳንዱ ባለቤት ደግሞ ግቢውን ረግጦት አያውቅም። ስለዚህ የመጫወቻውን ኮሚቴ ለይተን ተከራዮችም እንዲመረጡበት አደረግን። ዛሬ የብሎን መፍቻውን የያዘችው አንዲት ተከራይ እናት ናት።

ቃለ ጉባኤያችን አንድ ገጽ አይሞላም። ቦታው ለልጆች መጫወቻ ብቻ ይውላል፤ ይህን መለወጥ የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ነው። በየወሩ አንድ ሰው መንጠቆ፣ ሰንሰለትና ብሎን አይቶ በመዝገብ ይፈርማል። የተበላሸ ዕቃ እስኪጠገን ታስሮ ይቆያል። ገንዘብ ያለ ደረሰኝና ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም። ከእነዚህ አንዱም የሕግ ባለሙያ አይጠይቅም። ቀለሙን የቀባነው ይህ ከተፈረመ በኋላ ነው።

እጁ የተሰበረው ልጅ ድኖ ወደ ዥዋዥዌው ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ አስቁሞ "ጋሼ፣ በግራ በኩል ያለው ብሎን ላልቷል" አለኝ። ሄደን አየነው፤ ላልቷል። በዚያው ሳምንት የእኔ መኪና ስፖኪዮ ተወስዶ አደረ። ለጎረቤቴ ስነግረው ሳቀብኝ፤ መብቱ ነው። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ሆኖም ስፖኪዮ ሄዶ ይገዛል።

ቸር እንሰንብት።