የቆቦ ሴቶችና የጦርነቱ ዕዳ

ጦርነት በታሪክ ሲመዘገብ ጎልተው የሚወጡት አዝማቾችና ዘማቾች፣ የተያዙና የተለቀቁ ከተሞች ናቸው። ሕፃን አዝላ፣ ሽማግሌ ደግፋ በየመንገዱ የተንከራተተችው ሴት ግን ከመዝገቡ ውጭ ትቀራለች። እኛ ግን የጦርነትን ትክክለኛ ዋጋ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ሒሳቡን ከእርሷ መጀመር አለበት እንላለን። የቆቦና የራያ ቆላ ሴቶች ሕይወት ለዚህ አብነት ነው።

እንደሚታወቀው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት በሐምሌ ወር ወደ ራያ ቆላ ተሻግሮ ቆቦ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው እንደገና ሲያገረሽም ከተማይቱ ዳግም ተያዘች። ሁለቱም ጊዜ ወቅቱ ክረምት ነበር። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ክረምት ማሽላው የሚታረምበት፣ ጤፉ የሚዘራበት፣ በጎተራ የከረመው እህል የሚሟጠጥበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ቀዬዋን ለቅቃ የወጣች ገበሬ የዕለት ጉርሷን ብቻ ሳይሆን የመጪውን ዓመት አዝመራም ጥላ ወጥታለች። በከተማይቱ የቀረችውም ብትሆን ያለ መብራት፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ መኖር ግድ ሆኖባታል። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ይቆማል፤ ወፍጮ ሲቆም ደግሞ ሸክሙ በሴቲቱ ክንድ ላይ ይወድቃል።

ስደቱም አንድ ጊዜ ተጀምሮ አንድ ጊዜ የሚያበቃ አልነበረም። ከቆቦ በሮቢትና በጎብዬ አድርገው ወልድያ የደረሱት ቤተሰቦች፣ ጦርነቱ ወልድያን ሲያስለቅቅ ወደ ደሴ ተጓዙ። በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው የነበሩትም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ውጊያው ከተማይቱ ሲደርስ ዳግመኛ ተፈናቀሉ።

ከዚህ የከፋም ደርሷል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ አዲሱ ዓመት ሊብት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የትግራይ ተዋጊዎች በቆቦ ያልታጠቁ ነዋሪዎችን መግደላቸውን መዝግቧል። ባሏንና ልጇን ቀብራ የተረፈውን ቤተሰብ የመምራቱ ኃላፊነት የማን ትከሻ ላይ ወደቀ? ያው ድርጅት በነፋስ መውጫ የተደፈሩ 16 ሴቶችን ቃል አሰባስቧል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ሴቶች ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወታደሮች፣ እንዲሁም የአማራ ታጣቂዎች የፈጸሙትን ግፍ ይፋ አድርጓል። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ የሴት ገላ የጦር ሜዳ በተደረገበት ስፍራ ሁሉ በዳዩ ማንም ይሁን ማን ወንጀሉ አንድ መሆኑ ነው። የአንዷን እናት እንባ አይቶ የሌላዋን የሚክድ ስለ ፍትሕ የመናገር መብት የለውም።

ወደ ውጭው ዓለም ብንመለከትም ተመሳሳይ ዕጣ እናገኛለን። ቆቦ በጦርነት ውስጥ በነበረችበት በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ 9 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ታሊባን ካቡልን ያዘ። የሶቪየት ጦር በ1972 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ሚሊዮኖች ወደ ፓኪስታንና ወደ ኢራን የተሰደዱባት አፍጋኒስታን ታላቁ ውጊያ ቆመላት። ለሴቶቿ ግን ሰላም አልመጣም። ልጃገረዶች ከ6ኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተከለከሉ፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው በር ተዘጋባቸው። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የጠመንጃ ዝምታ ብቻውን የሴቶች ሰላም አይሆንም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የፆታ ጥቃትን ያወግዛል፤ ተጠያቂነትንም ያነሣል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ወገን ስምምነቱን የፈረሙት ወንዶች ነበሩ። መከራውን የተሸከመችው ሴት በውሳኔው ካልተካፈለች፣ የሚወሰንላት ሁሉ ከምጽዋት አያልፍም።

ከስምምነቱ በኋላም የራያ መንገድ ከስደተኛ እግር አላረፈም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአላማጣ አካባቢ ግጭት ሲነሣ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች መፈናቀላቸውን፣ አብዛኞቹም ወደ ቆቦ መሄዳቸውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቋል። ትናንት ነዋሪዎቿ የተሰደዱባት ከተማ የስደተኞች መጠጊያ ሆነች ማለት ነው።

ታዲያ የየቀበሌው ማኅበር አባልና ሠራተኛው ምን ማድረግ ይገባዋል? በመጀመሪያ፣ ተፈናቃይ በሚመዘገብበትና እርዳታ በሚከፋፈልበት ኮሚቴ ውስጥ ተፈናቃይ ሴቶች ራሳቸው ይግቡ። ቀጥሎም የተደፈረች ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም ትድረስ፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና። ከዚህ ጋር በየሰፈሩ የሚሹለከለከው ሐሜት ይገታ። ነውሩ የአጥቂው እንጂ የተጠቂዋ አይደለም። በመጨረሻም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሥራ መተርጎሙን ሁላችንም እንጠይቅ።

ጦርነት አበቃ የምንለው መግለጫ ስለተነበበ አይደለም። የራያ ሴት በክረምት የዘራችውን ማሽላ ራሷ አጭዳ፣ ራሷ ወቅታ፣ በራሷ ጎተራ ስታስገባ ያን ጊዜ አበቃ እንላለን።