ኤስ-ፕሬሶ፦ አዲስ ወይስ ያገለገለች?

ጎፋ ባለው ጋራዣችን በየሳምንቱ ይህን የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ «አዲስ» ማለት በአመዛኙ ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል። ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ከሌላችሁ (ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ) ያገለገለች ቤንዚን ብትፈልጉ አልፈርድባችሁም።

የሱዙኪዋ ኤስ-ፕሬሶ ሳጥን መሳይ ናት፤ ሞተሯ 998 ሲሲ፣ ቁመቷ ከፍ ያለ፣ ለለቡ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን የምትመች። ግን ታክሲ ሥራ ላይ የዋሉት ብዙ ናቸው። ኪሎ ሜትሩን አትመኑ፤ የፍሬን ፔዳሉን ጎማና የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ እዩ። 40 ሺህ ሄዳለች በተባለች መኪና ላይ ፔዳሉ ልሙጥ ከሆነ ቆጣሪው ሳይነካ አልቀረም።

ጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ። ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ከሞቀ ሻጩ ቀድሟችሁ አስነስቷታል። ለምን ብላችሁ ጠርጥሩ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹ ላይ አስጠጉ፤ አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። እኔው ራሴ የመጀመሪያ መኪናዬን ስገዛ ይህን አላደረግኩም፤ የግራ በሩ ግማሹ ስቱኮ ነበር።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሳታመሳክሩ ቀብድ አትክፈሉ። ደላላው «ሌላ ገዥ እየመጣ ነው» ይላችኋል። ይምጣ።