ማራገፍ መሰረዝ አይደለም፦ ከዲቴክ ጋር ትውውቅ

ላቴክ በተባለው የሰነድ ማሰናጃ የሚጽፍ ሰው ፋይሉን ሲከፍት የሚያየው ንጹሕ ጽሑፍ አይደለም፤ በቃላቱ መሀል ርዕስ የሚያደምቁ፣ ቀመር የሚያስገቡ፣ ሠንጠረዥ የሚያሰምሩ ትእዛዞች ተሰግስገዋል። ዲቴክ እነዚህን አራግፎ አንባቢ የሚያነበውን ብቻ የሚያስቀር፣ በሊኑክስ ተርሚናል ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቴክ ላይቭ ከተባለው የላቴክ ጥቅል ጋር አብሮ ይመጣል። ምዕራፎችዎን በየፋይሉ ከፋፍለው ከሆነ ዋናውን ብቻ ይስጡት፤ ሌሎቹን ራሱ ተከታትሎ ያነባቸዋል። የተራገፈውን ጽሑፍ ስታይል ለተባለው ፕሮግራም ሲያቀብሉት የዓረፍተ ነገሮቹን ርዝመትና የንባቡን ክብደት አስልቶ ይነግርዎታል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በአሜሪካው ቤል ላብስ ሎሪንዳ ቼሪ የሠሩት የመጀመሪያው ስታይል ጽሑፉን ከመመርመሩ በፊት ዲሮፍን ይጠራ ነበር። ዲቴክ ለላቴክ የሚሠራውን ዲሮፍ ትሮፍ ለተባለው የቆየ የሰነድ ማሰናጃ ይሠራል። በዚያ ስታይል ውስጥ እጅግ የምወደው አንድ ምርጫ አለ፤ ሰነዱ ዝርዝር የበዛበት ከሆነ «ዝርዝሩን ዝለለው» ማለት ይቻላል። «ሦስት ኪሎ ስኳር» የሚል መስመር ዓረፍተ ነገር አይደለማ! ከዓረፍተ ነገር ጋር ከተቆጠረ አማካዩን ያበላሻል።

ብዙ ሰው የሚስተው ይህንኑ፣ የሚቆየውን ከሚወጣው መለየትን ነው። በባክስላሽ የሚጀምረውን ሁሉ ሴድ በተባለው የጽሑፍ መተኪያ ፕሮግራም በአንድ መስመር ትእዛዝ ጠርጎ ጨረስኩ ይላል። እባካችሁ ተዉ! ቃል የሚያዘነብለው ትእዛዝ በቅንፉ የያዘው ቃል የጸሐፊው ነው፤ መቆየት አለበት። የሌብል ትእዛዝ በቅንፉ የያዘው ግን አንባቢ የማያየው ምልክት ነው፤ መውጣት አለበት። ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው ቀመር ነው። አንድ የሒሳብ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ስታይል ዓረፍተ ነገሮችህ እጥር ምጥን ያሉ ናቸው አለኝ» ብሎ ደስ ብሎት ነገረኝ። የተራገፈውን ፋይል ከፈትነው። ዲቴክ ቀመሮቹን ነቅሎ ጥሏቸዋል፤ በአማርኛ ቢሆን «ኤክስ ከዋይ ስለሚበልጥ» የነበረው «ከ ስለሚበልጥ» ሆኖ እንደ መቅረት ነው። ባለቤት የለው፣ ማነጻጸሪያ የለው። የዛሬው ዲቴክ ለዚህ መላ አለው፤ አር የተባለውን ምርጫ ሲሰጡት በቀመሩ ቦታ ስምና ግስ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት እየተካ ዓረፍተ ነገሩ እንዲነበብ ያደርጋል። ምትኩ ሻካራ ነው፤ ግን ቦታው ባዶ አይቀርም። እንደዚያ አድርገን ስናስቆጥረው የተማሪው ዓረፍተ ነገሮች ረዘሙ፤ እሱም ቁጭ ብሎ ያርም ጀመር።

ለአማርኛ ስታይል አይሆንም፤ አራት ነጥብን አያውቅም። እኔ ፋይሉን ፓንዶክ በተባለው የሰነድ መለወጫ፣ መስመር እንዳይሰብር አዝዤ፣ ወደ ተራ ጽሑፍ እለውጥና በሴድ አራት ነጥብ ባለበት ሁሉ መስመር እሰብራለሁ፤ ከዚያ የየመስመሩን ቃላት ኦክ በተባለው ፕሮግራም አስቆጥራለሁ። ባለፈው አንዱ መስመር 61 ቃል ወጣው። ሦስት ቦታ ከፈልኩት።