የቁጢ ቅጠልና የተማሪው ዕቅድ

የሥራ ፈጠራ ትምህርት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ፣ ተማሪው ከመምህሩ የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ ትርጓሜና የዕቅድ አጻጻፍ ሥርዓት ብቻ በመሆኑ፣ ፈተናውን አልፎ ሲወጣ አንድ ዕቃ እንኳ ሸጦ የማያውቅ የንግድ ሊቅ ይሆናል።

ይህ በሐረር ሲታይ ይበልጥ ያስደንቃል፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ጀጎል የተባለው ቅጥሯ የታነጸላት ሐረር የባሕሩን ጠረፍ ከመሃል አገር ጋር በንግድ ስታገናኝ የኖረች፣ አሚሮቿም በስማቸው ገንዘብ ያስቀርጹባት የነበረች ከተማ ናትና። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ በ1880 እ.ኤ.አ. ወደዚህ የመጣው፣ በዓደን የነበረ የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነበር (መቼም ስሙ ሲነሣ ስለ ግጥሙ እንጂ ስለ ቡናው ሚዛን የሚናገር የለም)። ዛሬም መኪና ግርግር በተባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ያለፈ ሰው፣ ልብስ ሰፊው ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ደንበኛውን ሲለካና ዋጋ ሲከራከር ያያል።

እንግዲህ አንድ የሐረር ተማሪ «ቁጢን አሽጌ ልሽጥ» የሚል ሐሳብ አደረበት እንበል። ቁጢ የቡና ቅጠል ነው፤ ደርቆ በምጣድ ከታመሰ በኋላ ይደቅቅና በውኃ ይፈላል፣ ወተትና ጨው፣ ለወደደም ስኳር ይጨመርበታል። ምጣዱ ከልክ በላይ ከጋለ ቅጠሉ እንደሚያር የምታውቀው እናቱ ስለሆነች፣ የመጀመሪያ መምህሩ እርሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ፍሬው ሳይጎዳ ከአንድ ዛፍ ስንት ቅጠል ይለቀማል? በሚገባ ያልደረቀ ቅጠል በእሽግ ውስጥ ሲሻግት ኪሳራው የማን ነው? ዋጋ ሲያወጣም ቅጠሉንና ወረቀቱን ብቻ ቆጥሮ፣ ማገዶውን፣ መጓጓዣውን፣ የተበላሸውንና የገዛ ድካሙን የዘነጋ ሰው፣ በሸጠ ቁጥር እየከሰረ ገበያው የደራለት ይመስለዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ከቡና ቅጠል የሚዘጋጀውን መጠጥ በ2020 እ.ኤ.አ. በገበያው እንዲሸጥ መፍቀዱ ተማሪውን ያጓጓው ይሆናል። እኔ ግን አስቀድሞ በከተማው አደባባይ በፈረስ መጋላ ጥቂት እሽግ ይዞ ይቁም እላለሁ፤ ወዳጅ ዘመድ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ማለቱ ምስክር አይሆንም፣ ምስክር የሚሆነው ከኪሱ ብር አውጥቶ የገዛው፣ ይልቁንም በሳምንቱ ተመልሶ የጠየቀው ነው።

ይህን በመሸጥ የመማር ሥርዓት በሚገባ የተረዳው በ1988 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና ተጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት በብዙ አገሮች የተስፋፋው ኤምፕሬቴክ የተባለው ሥልጠና ነው። በአሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ በዴቪድ ማክሌላንድ ምርምር ላይ የተመሠረተው ይህ የ6 ቀን ትምህርት፣ ሠልጣኙ እዚያው ትንሽ ንግድ አቋቁሞ በእውነተኛ ገንዘብ እንዲሸጥ ያስገድዳል፤ ወደ ኢትዮጵያም የገባው በ2013 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የሥራ ፈጠራ ልማት ማዕከል በኩል ነው።

ስለዚህ የሐረርና የሐረማያ መምህራን ሆይ፣ ለዕቅዱ ጥራዝ ከምትሰጡት ነጥብ እኩሌታውን ተማሪው በገበያ ለሸጠው ዕቃና ለያዘው የገቢና የወጪ መዝገብ አድርጉለት።