የመጭመቂያው ጉልበትና የቀለበቱ ልክ

የሃይድሮሊክ ሆዝ፣ ማለትም በኤክስካቫተር፣ በሎደርና በመሳሰሉት ማሽኖች ላይ ዘይት በከፍተኛ ግፊት የሚያመላልሰው ባለ ሽቦ የጎማ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ካለው የብረት መጋጠሚያ ጋር የሚያያዘው በሙጫም በብየዳም ሳይሆን በአብዛኛው በጭመቃ ነው። ኒፕል የሚባለው ባለ ጥርስ ቧንቧ ወደ ሆዙ ውስጥ ገብቶ በላዩ ፌሩል የተባለው የብረት ቀለበት ከተጠለቀ በኋላ፣ ክሪምፐር በመባል የሚታወቀው የመጭመቂያ ማሽን ብዙውን ጊዜ ስምንት በሆኑ ዳዮቹ (የመጭመቂያ መንጋጋዎቹ) ቀለበቱን ከዙሪያው እየገፋ ያጠብበዋል፤ ቀለበቱም ሽቦውን ነክሶ ይይዛል።

ማሽን ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ቶን እንደሚጫን ነው፤ መልሱ ግን የሚታሰበውን ያህል አያስረዳም። የፒስተኑ ዲያሜትር 200 ሚሊሜትር፣ የዘይቱ ግፊት 300 ባር የሆነ ማሽን በፒስተኑ ላይ ወደ 96 ቶን የሚጠጋ ኃይል ያመነጫል፤ ዳዮቹ በሾጣጣ ግድግዳ ላይ እየተንሸራተቱ ወደ መሐል የሚሰበሰቡ ከሆነ ግን ይኸው ኃይል እንደ ግድግዳው ማዕዘን ይባዛል፣ ከፊሉም በሰበቃ ይባክናል። የተጻፈው ቶን የፒስተኑ ይሁን የዳዮቹ ድምር ካልታወቀ፣ ሁለት ማሽኖችን በዚህ ቁጥር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

የሚያስፈልገው ጉልበት የሚወሰነው በሆዙ ስፋት ብቻ ሳይሆን በቀለበቱ ርዝመትና ውፍረት፣ በብረቱ ዓይነት (ዝገት የማይበላው ብረት ከተራው ይልቅ ለመጭመቅ ይከብዳል) እንዲሁም በሽቦው ብዛት ነው። 2ኤስኤን የተባለው፣ ሁለት ንብብር የተጎነጎነ ሽቦ ያለው የግማሽ ኢንች ሆዝ የሥራ ግፊቱ 275 ባር ሲሆን ብዙ ማሽን አያስቸግርም፤ አራት ንብብር ሽቦ የተጠመጠመበትና እስከ 380 ባር የሚሠራው የ1 ኢንች 4ኤስኤች ሆዝ ግን ደካማውን ማሽን ወዲያው ያጋልጣል።

ስለዚህ ማሽኑ መፈተን ያለበት ወርክሾፑ ሊገጥመው በሚችለው ከባዱ ሆዝና መጋጠሚያ ነው። የመጋጠሚያው አምራች በሠንጠረዡ ያስቀመጠው ዲያሜትር በማሽኑ የልክ መሙያ ላይ ተሞልቶ ቀለበቱ ከተጨመቀ በኋላ፣ ከማሽኑ ወጥቶ በካሊፐር ይለካል፤ ካሊፐሩ የሚያርፈው በዳዮቹ መካከል በሚቀሩት ጉብታዎች ላይ ሳይሆን በጠፍጣፋው ፊት ላይ፣ ዙሪያውን ቢያንስ በሦስት ቦታ ነው። ልኩ ከሠንጠረዡ ጥቂት ከበለጠ መሙያው ዝቅ ይደረግና በአዲስ ቀለበት ይሞከራል። አዲሱ ቀለበት እስከ ልኩ ከጠበበ ችግሩ የማስተካከያ እንጂ የጉልበት አይደለም፤ መሙያው ዝቅ እየተደረገ ልኩ ካልወረደ፣ የግፊት መለኪያውም ጣሪያው ላይ ከቆመ፣ ማሽኑ አቅሙን ጨርሷል። ልኩን የሚያገኘው ጣሪያው ጫፍ ላይ ደርሶ ከሆነም መጠባበቂያ ስለሌለው ለዕለት ተዕለት ሥራ አይታመንም። ከልክ በላይ መጭመቅም ሌላ ጥፋት ነው፤ ኒፕሉን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል፣ ሽቦውንም ይቆርጠዋል።

የልኩን ትክክለኛነት የሚከተለው የግፊት ፍተሻ ነው። አየሩ በሚገባ ከወጣለት በኋላ ሆዙ በሥራ ግፊቱ እጥፍ፣ ለ2ኤስኤኑ በ550 ባር፣ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይያዛል። ከዚያ በፊት በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ሆዙን የሚከብ መስመር ይሰመራል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ መስመሩ ከጠርዙ ከራቀ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ባይፈስ፣ ሆዙ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው።