“ብልሽት” ስለማይበቃበት ጉዳይ፤ በምስለ በረራ ለሚታዩ የተሽከርካሪ እንከኖች የቀረበ ስያሜ

በቅርቡ አንድ የትርጉም ረቂቅ እንድንመረምር ቀርቦልን ነበር። ረቂቁ በኮምፒዩተር ለሚሠራ ምስለ በረራ የተዘጋጀ መመሪያ ሲሆን፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ የሚታዩት ተሽከርካሪዎች መልካቸው ወይም አቋማቸው ሲዛባ ተጠቃሚው ምን ማድረግ እንደሚገባው ያስረዳል። በምንጩ ጽሑፍ አምስት የተለያዩ ሁኔታዎች በአምስት የተለያዩ ቃላት ተገልጸዋል፤ ተርጓሚው ግን አምስቱንም “ብልሽት” ብሏቸዋል። ስለዚህ መመሪያው በሰዋስው ያልተጓደለ፣ በአገልግሎቱ ግን ከንቱ ጽሑፍ ሆነ። “ተሽከርካሪው ከተበላሸ ቅጥያውን ያጥፉ” የሚለውን ያነበበ ሰው፣ አንዲት ማስተካከያ ከፍ በማድረግ የሚወገደውን ነገር ለማስወገድ ብሎ ሙሉውን ሥራ ይደመስሳል።

ወደ ስያሜው ከመግባታችን በፊት ነገሩን ባጭሩ እናስረዳ። ምስለ በረራ አብራሪው ከምድር ሳይነሣ የበረራን ሥራ እንዲለማመድ የሚያስችል ነው። ለአየር መንገድ ማሠልጠኛ የሚሠራው የአብራሪ ክፍል ያለው ታላቅ መሣሪያ ሲሆን፣ በግል ኮምፒዩተር የሚሠራው ግን፣ የመጀመሪያ እትሙ በ1982 እ.ኤ.አ. እንደ ወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ያለ ፕሮግራም ነው። ስያሜው መልካም ነው። “ምስል” በግእዝ ሥርዓት ሲናበብ “ምስለ” ይሆናል፤ በቀድሞው አስተዳደር የበላዩን ተክቶ ይሠራ የነበረው ሹም “ምስለኔ” መባሉም ከዚሁ ሥር ነው። ምስለ በረራ በእውነተኛው በረራ ቦታ የሚቆም ተተኪ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል።

በዚህ ፕሮግራም ላይ ሌሎች ባለሙያዎች አውሮፕላን፣ የማረፊያ ሜዳ ወይም ተሽከርካሪ ሠርተው ይጨምራሉ። ይህን ተጨማሪ ሥራ “ቅጥያ” ማለትን መርጠናል። ቃሉ በሰዋስው የተያዘ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን የሰዋስው ቅጥያም ብቻውን አይቆምም፣ ከሥሩ ጋር ሲገናኝ ግን የሥሩን ጠባይ ይለውጣል። ንጽጽሩ ስለሚሠምር ቃሉን ማስፋት አዲስ ከመፍጠር ይሻላል። ለተሽከርካሪዎቹም የሥራው ቦታ ቃል አለ፤ አውሮፕላን የሚገፋው ጎታች፣ ነዳጅ የሚያመላልሰው ቦቴ፣ መንገደኛ የሚወጣበት ባለመሰላል መኪና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። “ብልሽት” የነበረ ደኅና ነገር መጥፋቱን ያመለክታል። “እክል” ሥራን የሚያሰናክል ነው፤ ጎታቹ መንገዱ ሳይያያዝለት ቀርቶ ከቆመ፣ ያ እክል ነው። ተሽከርካሪው እየሠራ መልኩ ወይም አቋሙ ብቻ ሲዛባ ግን ተገቢው ቃል “እንከን” ነው። እንከን ነገሩን ሳያጠፋው ነውር የሚያሳይበት ነው። ሆኖም አጠቃላዩ ስም ብቻውን አያስጠግንም፤ ከሥሩ ምክንያትን የሚጠቁሙ ዝርዝር ስሞች ያስፈልጉታል።

የዚህን ጥቅም ለማየት፣ እንከንን መለየት የዕለት ሥራ ወደ ሆነበት ወደ ቡና እንሂድ። በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ አካባቢ የምትገኘው ኮንጋ በታጠበ ቡናዋ የታወቀች ናት። በዚያም እንደ ሌሎቹ ማጠቢያ ጣቢያዎች ሁሉ፣ እሸት ቡናው ተፈልፍሎ፣ በገንዳ ተብላልቶና ታጥቦ በአልጋ ላይ ሲሰጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች እንከን ያለበትን ፍሬ በእጃቸው ይለቅማሉ። የሚለቀመው ሁሉ “የተበላሸ” ቢባል ነገ ያው ይደገማል። ጮርቃ ሲባል ግን ስሙ ወደ ለቀማው፣ የተቆረጠ ሲባል ወደ መፈልፈያው ማሽን፣ የኮመጠጠ ሲባል ወደ ማብላያው ገንዳ ይመራል። ስሙ መንገድ ያሳያል። ለተርጓሚም የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ስም ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ሀ) አለመታየት። ተሽከርካሪው በሜዳው ላይ ጨርሶ የለም። በመጀመሪያ የሚመረመረው የተሽከርካሪ ብዛት የሚወሰንበት ማስተካከያ ነው፤ ባዶ ላይ ከሆነ ጥፋቱ የቅጥያው አይደለም። በቅርብ ታይቶ ተመልካቹ ሲርቅ የሚጠፋውን ግን “መሰወር” እንለዋለን፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሩቅ ነገሮችን ለማቅለል የሚያደርገው ቅነሳ ነው።

ለ) መንሳፈፍና መስመጥ። የቦቴው ጎማ ከምድር በላይ ይንጠለጠላል ወይም እስከ ወገቡ ይሰምጣል። ሁለቱ የአንድ ምክንያት ሁለት ምልክቶች ስለሆኑ፣ በጋራ “የከፍታ አለመጣጣም” ይባሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘውን የቦሌን ሜዳ ብንወስድ፣ የመሬቱን ቅርጽ የሚሰጠው ቅጥያና ሜዳውን የሚሠራው ቅጥያ በአንዲት ሜትር ቢለያዩ እንከኑ ይታያል። የሚታረመው የመሬቱ ከፍታ ነው፤ ተሽከርካሪውን መነካካት አይጠቅምም።

ሐ) መደረብ። በአንድ ቦታ ሁለት መኪና አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ይታያል። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው ሜዳና ኋላ የተጨመረው፣ ወይም ለአንድ ሜዳ የተሠሩ ሁለት ቅጥያዎች፣ ባንድነት ሲሠሩ የሚደርስ ነው። አንዱ ይዘጋል።

መ) መራቆት። የተሽከርካሪው ቅርጽ አለ፤ ቀለሙና ጽሑፉ ግን የለም። በቅርጹ ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል “ልባስ” ካልነው፣ ልባስ ያጣው “ተራቁቷል” ማለት ያለማብራሪያ ይገባል። የልባሱ ፋይል መጉደሉ፣ ስሙ መለወጡ ወይም ቅጥያው ለቀድሞ እትም መሠራቱ ይመረመራል።

ሠ) ብልጭ ድርግም ማለት። ሁለት ገጾች በአንድ ጥልቀት ላይ ሲገጥሙ ኮምፒዩተሩ የትኛው ከፊት እንደሆነ መወሰን ያቅተዋል፤ በመኪናው ጎን ያለው ሰንበር አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ምክንያቱን “የገጽ ሽሚያ” ብለነዋል። አንዳንዶች እንደ ባዕዱ ቃል “ውጊያ” ለማለት ቢፈልጉም፣ በአንድ ቦታ ላይ የሁለት ባለመብቶችን መሻማት አማርኛው በ“ሽሚያ” ይገልጸዋል። የሚያርመው የቅጥያው ሠሪ ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ጉዳዩን ለእርሱ ማሳወቅ ይገባዋል።

ምክንያቱን የመፈለጉ ሥራ “እንከን ፍለጋ” እንዳይባል እናሳስባለን፤ “እንከን ፈላጊ” በዕለት ንግግር የነቃፊ ስም ነውና። “እንከን ልየታ” ይሻላል። አፈጻጸሙም ቀላል ነው። ቅጥያዎቹ ሁሉ ከማኅደራቸው ወጥተው ፕሮግራሙ ብቻውን ይታያል፤ እንከኑ ከጠፋ ቅጥያዎቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ እንከኑ የተመለሰበት ቅጥያ ለብቻውም ከሌሎቹ ጋርም ይመረመራል። ሁለት ደኅና ቅጥያዎች ሲገናኙ ብቻ የሚወለድ እንከን አለና፣ የመጨረሻው እርምጃ መዘለል የለበትም።

እነዚህን ስሞች ያቀረብነው እንዲጸድቁ ብቻ አይደለም፤ እንዲፈተኑም ጭምር ነው። ፈተናውም አንድ ነው። መመሪያውን የያዘ ሰው ስሙን ብቻ አንብቦ እጁን ወደ ትክክለኛው ቦታ ከሰነዘረ ቃሉ ሠርቷል፤ ካመነታ ግን የሚታረመው ስሙ እንጂ አንባቢው አይደለም።