የበኩር መጽሐፍና የደራሲው ጭንቀት

መጽሐፍ የሚጻፈው በብቸኝነት ነው፤ የሚሸጠው ግን በአደባባይ ነው። እነዚህን ሁለት ሥራዎች አንድ ሰው እንዲሠራቸው ስለሚገደድ፣ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ለሕዝብ ያቀረበ ደራሲ በልቡ ሁለት ሰው ይዞ ይኖራል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። አንደኛው «ያነበበኝ ምን አለ?» እያለ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የሚባለውን ከመስማት መሸሸግን ይመርጣል። ዛሬ ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመናገር የተነሣነው፣ ከአዲስ አበባ ርቀው በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በነጆና በሻምቡ የሚጽፉ ወንድሞችና እኅቶች ይህ ጭንቀት ዕጥፍ ሆኖ ስለሚደርስባቸው ነው።

እስቲ በነቀምቴ የሚያስተምር አንድ መምህር ልብ ወለድ ጻፈ እንበል። ሌሊት ሌሊት የደከመበትን ጽሑፍ አዲስ አበባ ወስዶ ለማተሚያ ቤት ይሰጣል፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ ከራሱ ደመወዝ ወይም ከዘመድ በተበደረው ይከፍላል። በአገራችን ያልታወቀን ደራሲ በገንዘቡ የሚደግፍ አሳታሚ ማግኘት እንደ ዕድል የሚቈጠር ነውና። መጽሐፉ በካርቶን ታስሮ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን መንገድ በአምቦና በባኮ በኩል አልፎ በአውቶቡስ ይመጣለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሩ ሳያስበው ነጋዴ ሆነ ማለት ነው። ካርቶኑ ከአልጋው ሥር እስካለ ድረስ ዕዳውም ከአልጋው ሥር ነው።

የሚገዙት እነማን ናቸው? በመጀመሪያ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ቀጥሎም የማኅበሩና የዕድሩ ሰዎች፣ የክርስትና አባቱ፣ የሚስቱ ወንድሞች ናቸው። እነዚህ ሁሉ መጽሐፉን የሚገዙት ደራሲውን ስለሚወዱት፣ ወይም ባይገዙ እርሱ የሚያዝንባቸው ስለሚመስላቸው ነው። በኋላም በመንገድ ሲያገኙት «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እንዴት ያለ ድንቅ መጽሐፍ ነው!» ይሉታል። እርሱም ይደሰታል። ነገር ግን ቤቱ ገብቶ ብቻውን ሲቀመጥ «ለመሆኑ አንብበውት ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። ደግሞስ ቢያነቡትና ባይወዱት ይነግሩኝ ነበርን?

ይሉኝታ ያልነው ይህን ነው። ይሉኝታ በሰው መካከል ሰላምን የሚጠብቅ መልካም ነገር መሆኑን አንክድም፤ ያለ እርሱ ጎረቤት ከጎረቤት አብሮ መኖር አይችልም። ለመጽሐፍ ግን ክፉ ሚዛን ነው። በትንሽ ከተማ ውስጥ ሐያሲና ደራሲ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፣ በአንድ ልቅሶ ቤት ይቀመጣሉ፤ ልጆቻቸው በአንድ ክፍል ይማራሉ። ታዲያ «የመጽሐፍህ አምስተኛው ምዕራፍ አይረባም» ብሎ ማን ይጽፋል? ስለዚህ የነቀምቴው ደራሲ ከሚያውቁት ሰዎች የሚያገኘው ምስጋና ነው፤ ምስጋናውንም ማመን ይቸግረዋል። ትችት የሚመጣው ከማያውቀው ሰው ነው፤ ትችቱን ይፈራዋል፤ ሆኖም እውነት ነው ብሎ የሚያምነው እርሱን ነው። የሚወደውን አያምንም፤ የሚያምነውን አይወድም። የበኩር ደራሲ የተቀላቀለ ስሜት ሥሩ ከዚህ ይመስለናል።

ከወለጋ ከተገኙት ጸሐፊዎች ይህን ሁለት ገጽታ እንደ አቶ ሰሎሞን ዴሬሳ በራሱ ሕይወት ያሳየ ጥቂት ነው። በወለጋ ጩታ በሚባል ስፍራ የተወለዱት ሰሎሞን፣ መጀመሪያ የተነጋገረባቸው ሰው በሐያሲነታቸው ነው። በ1969 በአውሮፓ አቈጣጠር ከገዳሙ አብርሃ ጋር ሆነው አዲስ ሪፖርተር በተባለው የእንግሊዝኛ መጽሔት «የጅብ አጣብቂኝ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ያወጡት ጽሑፍ፣ እስከዚያ ዘመን የተጻፈውን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያለ ርኅራኄ የመረመረ ነበር። ብዙም ሳይቈዩ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» የተባለውን የመጀመሪያ የግጥም መድበላቸውን አሳተሙ። ሌላውን የመዘኑት ሰው አሁን በተራቸው በሚዛን ላይ ወጡ። መጽሐፉ የተለመደውን የቤት አመታትና የቤት መድፊያ ሥርዓት ስለ ተሻገረ፣ አንዳንዱ አዲስ መንገድ ከፋች ብሎ ሲቀበለው ሌላው ይህ ግጥም አይደለም ሲል ተከራከረበት። ሁለተኛው መድበላቸው «ዘበት እልፊቱ» የወጣው ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። እርሳቸው በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ሲያርፉ ክርክሩ ገና አላለቀም ነበር።

የምንደነቅበት ነገር ግን ሌላ ነው። ሰውን ለመተቸት የደፈረ ሰው የራሱን ሥራ ከማውጣት ሊታቀብ ይችል ነበር፤ ብዙ ሐያስያንም እንዲሁ አድርገዋል። ሰሎሞን ግን ሌላውን በመዘኑበት ሚዛን መመዘንን አልሸሹም። ይህን ድፍረት ከግጥሞቻቸው ጋር የማይስማማ ሰው እንኳ ሊያከብረው ይገባል።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ትችት ምን እንደ ሆነ ከሌላው ይልቅ ሊያውቅ በተገባው ነበር። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ሥር ወይም በገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይናገራል። ምሥጢሩ የተፋለሰ፣ ቤቱ የተሰበረ እንደ ሆነ መምህሩ እዚያው ያቃናዋል። ያማረ እንደ ሆነ «ይበል!» ይባላል። በዚያች አንዲት ቃል የሚገኘውን ደስታ የቀመሰ ያውቀዋል። የታረመውም ተማሪ ነገ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል እንጂ አኵርፎ አይቀርም።

ታዲያ የልብ ወለድ ደራሲ ስለ ምን እንዲሁ አይሆንም? አንዳንዶች «ትዕቢት ነው» ይሉታል። እኛ ግን ፍርዱ የከበደ ይመስለናል። ቅኔ አንድ ጊዜ ተነግሮ ያልፋል፤ የዛሬው ለነገ አይደገምም፤ ስሕተቱም ከነፋስ ጋር ይሄዳል። መጽሐፍ ግን አንድ ሺህ ሆኖ ከታተመ ስሕተቱም አንድ ሺህ ሆኖ ይቀመጣል። ዳግመኛም መምህሩ ተማሪውን የሚያርመው ነገም አብሮት ስለሚውል ነው፤ የጋዜጣው ሐያሲ ግን አንድ ጊዜ ፈርዶ ይሄዳል። እርማት ከኅትመት በፊት ሲመጣ ትምህርት ነው፤ ከኅትመት በኋላ ሲመጣ እንደ ቅጣት ይሰማል። ስለዚህ በየከተማው ያሉ ደራስያን ጽሑፋቸውን ወደ ማተሚያ ቤት ከመውሰዳቸው በፊት፣ ይሉኝታን ለአንድ ቀን ከደጅ አስቀምጦ በሚያዳምጥ ጉባኤ ፊት ቢያነቡት ከብዙ ኀዘን በዳኑ ነበር።

ስለ ትችት ይህን ያህል ካልን፣ ደራሲውን ይበልጥ የሚያሳፍረው ራሱን ማስታወቅ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ሰው በገዛ አፉ ራሱን እንዳያመሰግን ያስተምራል፤ እኛም ልጆቻችንን በዚህ አሳድገናል። ታዲያ ደራሲው በፌስቡክና በቴሌግራም ላይ በየቀኑ «መጽሐፌን ግዙ» እያለ ሲጽፍ እጁ ቢንቀጠቀጥ አያስገርምም። በሌላ ወገን ግን ወንጌል መብራትን ከዕንቅብ በታች ማስቀመጥን አያመሰግንም። ካላስታወቀው ማን ያውቅለታል?

በወለጋ ምድር ለዚህ ነገር የቆየ ሥርዓት አለ፤ ጌረርሳ ይባላል። ጀግናው በሕዝብ ፊት ቆሞ የራሱንና የወገኑን ሥራ በዜማ ይናገራል። ራስን ማወደስ በዚያ ነውር አይደለም። ሥርዓቱ ግን ጥብቅ ነበር፤ በአደን ወይም በጦር ሜዳ ያልዋለ ሰው ተነሥቶ አይዘፍንም ነበር፤ ሰሚው የሠራውንና ያልሠራውን ያውቃልና። የአማራው ፉከራና ሽለላም ዘመዱ ነው። ደራሲ ጌረርሳን ቢመስል የሚችለው የሠራውን በመናገር ብቻ ነው፤ «ይህን መጽሐፍ ጽፌአለሁ፤ ስለዚህ ነገር ይናገራል፤ ዋጋው ይህ ነው» ሊል ይችላል። «ድንቅ ነው» የሚለውን ግን ሰሚው ይበለው።

ወሰኑን ያለፉ ታላላቅ ሰዎችም አልጠፉም። የአሜሪካው ባለቅኔ ዋልት ዊትማን በ1855 በአውሮፓ አቈጣጠር የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ፣ ስሙን ሸሽጎ ስለ ገዛ መጽሐፉ ምስጋና እየጻፈ በጋዜጦችና በመጽሔቶች አወጣ። ስመ ጥሩው ኤመርሰን በግል የላከለትን የምስጋና ደብዳቤም ሳያስፈቅድ በጋዜጣ አሳተመው። ዛሬ በወዳጆቹ ስም ለራሱ ምስጋና የሚያስጽፍ ደራሲ አዲስ ነገር የፈለሰፈ አይምሰለው። መጽሐፉ ታላቅ ስለ ሆነ ለዊትማን ታለፈለት፤ እኛ ግን ነገሩን ለማንም አንመክረውም።

ዝምታም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። በነቀምቴ በ1931 በአውሮፓ አቈጣጠር ያረፉት ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመመለሳቸው በስፋት ይታወቃሉ። አብረዋቸው የደከሙት አስቴር ጋኖ ግን፣ ተረቱንና ምሳሌውን፣ ዘፈኑንም ከቃል ሰብስበው በ1894 በአውሮፓ አቈጣጠር ለታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ያበረከቱ ሲሆኑ፣ ስማቸው ለብዙ ዘመን ከኦኔሲሞስ ስም ጀርባ ቀርቶ ኖረ። በነቀምቴ ያስተማሩና ያረጁ እናት ሆነው ሳለ፣ ሥራቸውን ለአገሩ ልጅ የነገረው ጥቂት ነው። የራሳቸውን ስም ማንሣት የሚገባቸው አይመስላቸውም ይሆናል፤ ስለ እነርሱ ማንሣት የነበረበት ሌላው ሰው ነበር።

መጽሐፍን ሌላ ሰው ሲሸከመው ምን ያህል እንደሚርቅ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ምስክር ነው። ይህ ልብ ወለድ ማንበብ ወደማይችለው ሰው ቤት ሳይቀር የገባው፣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰማ የነበረበትን ጊዜ ከአንባቢዎቻችን የሚያስታውሱት ብዙዎች ናቸው። ለዚያ ደራሲው «ስሙኝ» ማለት አላስፈለጋቸውም።

ለዛሬው የወለጋ ደራሲ ይህ ዕድል እንደ ቀድሞው ቅርብ አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በኦሮምኛ የሚጻፉ ልብ ወለዶች በርክተዋል፤ ሆኖም በአማርኛ ጋዜጣ የሚተች ሰው ቋንቋውን ካላወቀ አያነባቸውም፤ በአማርኛ የጻፈውም ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ተደርጎ ይታያል። ከዚህም በላይ የጸጥታው ችግር መንገዱን እየዘጋ ብዙውን ሥራ አሰናክሏል። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል በተቋረጠ ጊዜ፣ በዚያ ወራት መጽሐፍ ያወጣ ሰው ማስታወቁ ቀርቶ ለእናቱ ደውሎ «ታተመልኝ» ለማለት እንኳ አይችልም ነበር። እንዲህ ላለው ሰው ክፉ ትችት እንኳ መልካም ወሬ ነው፤ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቧልና።

የጥንት ጸሐፍቶቻችን በብራና መጽሐፍ መጨረሻ ስማቸውን ይጽፉ ነበር፤ የጻፈውንና ያስጻፈውን በጸሎት አስቡ ለማለት። ስማቸውን አልሸሸጉም፤ ምስጋናም አልለመኑም። ለነቀምቴው መምህር የምንመክረው ይህን መንገድ ነው። አድራሻውን በመጨረሻው ገጽ ያትም፤ ያነበበ ሁሉ ያገኘውን ስሕተት እንዲልክለት ይለምን። በትንሽ ከተማ ፊት ለፊት የማይነገረው ነገር በወረቀት ይነገራል፤ ያለ ስምም ቢሆን ይምጣ። ያን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ይመዝግበው፤ ካርቶኑ ባለቀና ሁለተኛው እትም በደረሰ ጊዜ አምስተኛውን ምዕራፍ ከዚያ ደብተር ጋር አስተያይቶ እንደገና ይጻፈው።